ክቡር አይሆንም እና የጠባሳው ሴሎች

በየትኛውም መሥሪያ ቤት ደሞዝ የሚከፈለው ተስፋ ለማስቆረጥ የሚመስል አንድ ሰው አይጠፋም። አምፖል ሲቀየር «ይቃጠላል»፣ አለቃ ሲቀየር «ከፊተኛው ይብሳል» ይላል። የሚያናድደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

በሴል ማሳደጊያው ላቦራቶሪ ይህን ሹመት የያዙት አንጋፋው ቴክኒሺያን ነበሩ። ሠራተኛው ከኋላቸው «ክቡር አይሆንም» ይላቸዋል። ወጣቷ ተመራማሪ የጠባሳ ሴሎችን ወደ ደም ሥር ሴሎች ለመቀየር ስትነሳም ቡራኬያቸውን አልነፈጓትም። ጠባሳ አንዴ ደንድኗል፣ ደም ሥር ሁን ብትዪው አይሰማሽም አሏት። የመጀመሪያው ዙር ሻጋታ ሲበላው ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ሲሞት ሴሎቹ የነበሩባቸውን ሳህኖች ለቅመው የጣሉት ምንም ሳይገርማቸው ነው። የጠዋት ሰላምታቸው እንኳ «ዛሬስ ስንት ሞተ?» ነበር። እሷም አንጀቷ እያረረ ፈገግ ትላለች።

ሦስተኛው ዙር ግን የዋዛ አልነበረም። ጠባሳው የአባቷ ነው። ደም አልደርስ ብሎት ቁስሉ አልድን ካለው እግራቸው ላይ ሐኪሙ ትንሽ ጠባሳ ቆርጦ ሲወስድ፣ አባቷ «ለእሷ ስጧት፣ እኔ ምን ያደርግልኛል» ብለው ስቀው ነበር። ሥራው ለበሽተኛ እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ ታውቃለች። ልቧ ግን ይሽቀዳደም ነበር። ይህን ለክቡርነታቸው አልነገረችም፤ የሚሉትን ታውቀዋለችና።

በአምስተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ተደወለላትና ሁሉንም ጥላ ሮጠች። አባቷ በዚያው ቀን አረፉ። ሴሎቹ ትዝ ያሏት ከቀብሩ በኋላ፣ ከላቦራቶሪው በወጣች በዘጠነኛው ቀን ነው። የሚመገቡት ፈሳሽ በየሁለት ቀኑ ካልተቀየረ ያልቃሉ፤ እሷ ደግሞ ለማንም አደራ አላለችም። ከአባቷ በሕይወት የቀረው ያ ብቻ ነበር።

ወደ ላቦራቶሪው ሮጣ የሴሎቹን ማሞቂያ ሣጥን ከፈተች። ፈሳሹ ንጹሕ ነው። መዝገቡ ላይ፣ እሑድም ሳይቀር፣ የሽማግሌው ቴክኒሺያን ጽሑፍ ሰፍሯል፦ «ፈሳሹ ተቀይሯል። ይሞታሉ።» ቀጥሎ፦ «ተቀይሯል። አልሞቱም። ይሞታሉ።» የመጨረሻው፦ «ተያይዘዋል። እንደ ደም ሥር ቀጫጭን ቱቦ እየሠሩ ነው።»

ዞር ስትል በሩ ላይ ቆመዋል። የሳህኑ ክዳን ላይ በቁጥር ፋንታ «አባዬ» ብላ መጻፏን አይተው ኖሯል።

«አልደረስንላቸውም፣ ልጄ» አሏት።

ከቀብሩ ወዲህ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች። እኚህን ሰው እንደምትወዳቸው ያወቀችውም ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው ጓንታቸውን ሳያወልቁ አጠገቧ ቆዩ። ሲወጣላት ወንበር ስበው አስቀመጧትና «እስቲ እዪያቸው» ብለው ማይክሮስኮፑን ወደ እሷ አዞሩላት።