አማቴና የጃፓን ሰሊጥ

ሰሊጥ ሲቆላ ወሬ አይወድም። ሽምብራ ይታገሣል፤ አንድ ጎረቤት አምታችሁ ብትመለሱም አያኮርፍም። ሰሊጥ ግን ዞር ካላችሁ አረረ። እንደኔ ወሬ ለማታበዛ ሴት የተፈጠረ እህል ነው።

ይህን ያየሁት ዩኮ ዘንድ ነው። ዩኮ የፎገራን ሩዝ ላጥና ብላ የመጣች ጃፓናዊት ናት፤ ወረታ እኛ ግቢ ክፍል ተከራይታ ከርማለች። ሰሊጡን ቆልታ በሙቀጫ ትወቅጣለች። ስኳርና ጠብታ አቼቶ ትጨምርበታለች። ከዚያ ከጠርሙስ ጥቁር ነገር ታንጠባጥብበታለች፤ ከአኩሪ አተር የተሠራ ነው አለችኝ። እንደ ድልህ ሲወፍር የተቀቀለ ጎመን ጫፉን ነከር ታደርግና ጉርስ። እኛ ሰሊጥ በጾም በጥብጠን እንፈተፍትበታለን እንጂ እንዲህ ተቆጥቦ ሲበላ አይቼ አላውቅም። ቀመስኩና ዝም አልኩ። እኔ ዝም ካልኩ ጣፍጦኛል ማለት ነው።

አገሯ ስትመለስ ጠርሙሱን ሰጠችኝ። ለአንድ ቀን ብዬ ደበቅሁት፤ አማቴ ለሚመጡበት ቀን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርቴን ዘጠነኛን ጨርሼ ያቋረጥኩት ልጄን ሳረግዝ ነው። መስከረም ልመለስ ፈለግሁ። ልጁን የሚይዝልኝ ደግሞ ይፋግ ካሉት አማቴ፣ ከእማማ የሺ በቀር ሰው የለኝም። ባሌ እናቱን ስለሚፈራ «ሴት ለሴት ትግባባላችሁ» ብሎ ሸሸ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራልም ይላሉ። የትኛውን ልመን? አፌ እምቢ ሲለኝ ሰሊጡ ይናገርልኝ አልኩ።

እማማ የሺ የመጡት በፍልሰታ ነው። በጾም ሰዓት ወጥ አይቀመስ። ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ ከጠርሙሱ ጨመርኩ። መቼም ጨው የሌለው ወጥ አማት ፊት አይቀርብም ብዬ አንድ ማንኪያ ሙሉ ጨው ጣልኩበት። ዩኮ ለካ ጨው ነክታ አታውቅም፤ ጨውነቱ ያው ጥቁሩ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ከእንጀራና ከጎመን ጋር በስኒ አቀረብኩ።

«ይኼ ለድመቷ ነው?» አሉ።

«ያቺ ጃፓናዊት ተከራያችን ያሳየችኝ ነው፤ ጎመኑን ነከር እያደረጉ ነው፣ እማማ።»

«እኔ በእርጅናዬ ነከር አልማርም» አሉና ሙሉውን እንጀራው ላይ ገለበጡት። ጎረሱ። ውኃ ጠጡ። ደግመው ጠጡ።

«አገሯ ባሕር መካከል ነው አሉ። ባሕሩን ነው እንዴ ጥላልሽ የሄደችው? ጣናን ብታመጪልኝ የምረካ አይመስለኝም።»

አንገቴን ደፋሁ። ትምህርቴ እዚያ ስኒ ውስጥ ሰጠመ ብዬ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲሁ አልደከምሽም። የምትይኝ ነገር አለ» አሉ።

ነገርኳቸው። ባጭሩ፤ ረጅም አልችልበትም። ስኒውን አገላብጠው ሲያዩት ቆዩ።

«እሺ፣ ተማሪ። መስከረም ጠቅልዬ እመጣለሁ። ለልጅሽ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ለልጄ ነው። አንቺ ወጥ ከሠራሽለት ዓመት አይሞላውም።»

ቃላቸውን ጠበቁ። አሁን ወጡ የሳቸው ነው፣ አሥረኛ ክፍል የኔ። ሰፈሩ ሙያ ስለሌላት ተማሪ ቤት ገባች ይለኛል። ይበለኝ።

ባለፈው ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማ የሺ ልጁን አዝለው ሰሊጥ ይቆላሉ። ከጠርሙሱ አንጠባጥበው አቀመሱኝ። ልክ እንደ ዩኮ ነው።

«ጨው አላነሰውም?» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይቺ መቼም አትማርም እንደማለት። የጨውን ልክ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። አሥራ ሁለተኛን እስክጨርስ ግን እሳቸው ፊት የማውቅ አይመስለኝም።