ለሩቅ ኮከብ የተተከለው ድንኳን

በባለቤቴ በአሳምነው ዘመን፥ የእድር እቃ ጠባቂ ሆኖ በተሾመ በሁለተኛው ዓመት፥ ጎረቤታችን ይሄነው በደጁ ትልቅ አምፖል ሰቅሎ መካነ ሰላምን ካንቦገቦገ በኋላ፥ በወርኃ ኅዳር እንዲህ ሆነ።

ባለግርማው አሳምነው፥ የሚያፈስ ጣራ እያየ የማያይ፥ ሬዲዮ ግን ሳይሰማ የማያድር፥ እንደ ሰፌድ ስፌት በተጠማዘዘ በአንድ ሩቅ ጋላክሲ ኮከብ ፈንድቶ እንደ ሞተ፥ በዚያው ጋላክሲ ከዚህ በፊትም ሌሎች ከዋክብት እንደ ሞቱ፥ የሞታቸውም ብርሃን ሚሊዮን ዓመታት ተጉዞ ገና መድረሱ እንደ ሆነ በሰማ ጊዜ፥ ልቡ ታበየና አወጀ፦ «ይህን መርዶ በዓይኔ ሳላይ እህል አልቀምስም!» ምሳውን በልቶ ነበር።

የይሄነው አምፖል ሰማዩን ቢነሣው፥ ብርሃኑን ይጋርድልኝ ብሎ የእድሩን የሐዘን ድንኳን አወጣ፤ ከጋሻ ጃግሬው ከቢሻው ጋርም በግቢያችን ተከለው፤ አንዱን ወገን ገልጦ፥ ሩቁን በሚያቀርብ የውሰት መነጽር ወደ ላይ አንጋጠጠ።

ያ ድንኳን ሰው ሳይሞት እንደማይተከል ሕፃን ያውቃል። መንደሩም አየ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፥ ሽማግሌዎቹ ምርኩዛቸውን ይዘው፥ ጎረቤቴ ፈርሂያ የእራቷን ድስት ተሸክማ፥ እያለቀሱ ተመሙ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ልጃችን ሄለን ዐረብ አገር ናትና።

እኔም ይህን የምጽፍ ሚስቱ፥ ከወፍጮ ስመለስ ድንኳኑን ከደጄ አየሁ። ዱቄቱ ከጀርባዬ ወደቀ። በየቀኑ የምፈራው መጣ። ፈርሂያም አንገቴን አቅፋ አወጀች፦ «እህቴ ጽኚ! አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደው!» ወደ ሄለን ደወልሁ፤ ጠራ፥ ጠራ፥ የሚያነሣው ጠፋ።

ያን ጊዜ ጀግናው መነጽሩን አንጠልጥሎ ወጥቶ አወጀ፦ «ምን ያስለቅሳችኋል? የሞተው ኮከብ ነው!» ቢሻው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። የኮከቡ ነገር ለእኔ ምኔ ነው? ልጄ ስልኳን አላነሣችም። ደግሜ ደወልሁ። ከባሕር ማዶም አዋጅ መጣ፦ «እማ፥ ሥራ ላይ ነኝ፤ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ አሉሽ?» ዱቄቱ ላይ ተቀመጥሁ።

እነሆ ምስጋና ለአሳምነው፥ ለከዋክብት አልቃሽ፥ ለማያውቀው ሙት ድንኳን ለተከለ፥ ሚስቱን በቁሟ ለቀበረ፥ ከሰማይ ሁሉ የይሄነውን አምፖል ብቻ አይቶ ለገባ! የዚያ ኮከብ መርዶ መካነ ሰላም ለመድረስ ሚሊዮን ዓመታት ፈጀ፤ የልጄ መርዶ ግን መንገድ ላይ ይቅርልኝ፤ አሜን።