ዜና ልጣጭ፦ ፀጉር አስተካካዩ አማታቸውን በእንቁላል የገጠሙበት

ወኮነ በዘመነ ጀሶ፤ የቤቱ እመቤት ከደረጃ ተንሸራተው ቀኝ ክንዳቸውን በሰበሩ በሁለተኛው ሳምንት፣ እናታቸውም ሊያስታምሙ መጥተው ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር ባኖሩና በማድ ቤቱ ላይ በነገሡ ጊዜ፣ ምላጫቸው የማያደማ፣ መቀሳቸው ጆሮ የማይነካ፣ የመንገዱ ጥግ ፀጉር አስተካካይ የሆኑት አባወራ ከወንበራቸው ተሻሩ። ወንበሩም ከሬዲዮው አጠገብ ያለው፣ መቀመጫው በእሳቸው ልክ የጎደጎደው ነው፤ አማት ለጀርባዬ ተመቸኝ ብለው ያዙት። ሬዲዮውንም ራስ ያዞራል ብለው ዘጉት፤ ስኳሩን በጨው ጣሳ፣ ጨውንም በስኳር ጣሳ ገለበጡት። በማግስቱ ጀግናው ሻይ ሲጠጡ የደረሰባቸውን ጸሐፊው አይጽፈውም፤ ያሳዝናል።

አማትም በየማለዳው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤታቸው እየተሻገሩ፣ ከዶሮዎቻቸው ሥር ገና ሙቀቱ ያልወጣለትን እንቁላል በሹራባቸው ጠቅልለው ለልጃቸው ያመጡ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ጀግናው ለሚስቴ እኔ ልቀቅል ብለው ተነሡ፤ ምነው በቀረባቸው! ልጣጩ ነጩን እየቦጨቀ ተነሣ፤ እንቁላሉም አይጥ የቀመሰው ሳሙና መሰለ። አማትም ሰሃኑን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«በዚህ ቤት የምትበሉ ሁሉ ስሙ! ይህ ሰው የሰው ፊት ሲላጭ እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፤ እንቁላል ሲልጥ ግን ይኸው እንደምታዩት ነው። ልጄን ለዚህ እጅ ጥዬ አልሄድም። በወሩ መጨረሻ እሁድ፣ ከድስቱ የወጣው እንቁላል ሁሉ ያለ ጭረት ተልጦ ከቀረበልኝ፣ ሻንጣዬን አንሥቼ በዚያው ቀን ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አንድ እንኳ ከቆሰለ ግን፣ ጀሶው እስኪፈታ ከዚህ የሚነቀንቀኝ የለም። እስከዚያው እንቁላሉን እኔው አቀርባለሁ፤ ይለማመድ!»

ጀግናውም ይህን በሰሙ ጊዜ ስለ ወንበራቸው ቆረጡ፤ ሠራዊታቸውንም አሰለፉ። ድስት ተሸካሚው፣ የምድጃው ጠባቂ፣ የውሃው ሹም፣ ፎጣ አቅራቢው፣ ጨው ያዡ፣ የኋላ ደጀኑም ሁሉ ወጡ፤ እነዚህም ሁሉ አንድ ሰው ነበሩ፤ እሱም አይጠግቤ የሚባለው የሚስታቸው ወንድም ነው። አይጠግቤ ታማኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ የቆሰለውን ሁሉ እንዲበላ ተሹሞ ስለነበር፣ ሽንፈት በበዛ ቁጥር ፊቱ ይወዛ ነበር።

በመጀመሪያው ዘመቻ በጥፍር ወጉ፤ ነጩ ተቦደሰ። በሁለተኛው በማንኪያ ጀርባ ፈለቀቁ፤ ግማሹ ከልጣጩ ጋር ሄደ። በሦስተኛው ዘመቻ ንዴታቸው አናታቸው ላይ ወጥቶ ምላጭ መዘዙ፤ እንቁላሉም እየተጠረበ፣ እየተጠረበ፣ አስኳሉ ብቻ ቀረ፤ አይጠግቤም እሱን በጨው ዋጠው። አማት ከወንበሩ ሆነው ይህን ሁሉ ያዩ ነበር።

ወእምዝ ከቁም ሳጥኑ ጥግ፣ እመቤቲቱ ከመውደቃቸው አስቀድመው የገዙት አንድ የተረሳ እንቁላል ተገኘ። ጀግናውም ይህስ ይጣል ብለው ነበር፤ አይጠግቤ በመለመኑ ብቻ ቀቀሉት፤ ልጣጩ እንደ ካፖርት ወልቆ በእጃቸው ቀረ። ደንግጠው ተቀመጡ። ነገሩ ያኔ ገባቸው፤ ሲያዋርዳቸው የኖረው የእንቁላሉ ትኩስነት ነበር። ገና የተጣለ እንቁላል ልጣጩን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ ሲሰነባብት ነው የሚለቀው። ግን ይህን ለአማት ማን ይንገራቸው? በዶሮዎቻቸው የመጣባቸው በዓይናቸው መጣ! ስለዚህ ትኩሱን በየማለዳው እጅ ነሥተው እየተቀበሉ፣ እየተለማመድኩ ነው እያሉ፣ ከዱቄቱ ጆንያ ኋላ እየሸሸጉ አስረጁት። አይጠግቤም በዚያ ወራት ከሳ።

እሁድም በደረሰ ጊዜ፣ ጀግናው እጃቸውን እንደ ሥራ ቀን እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ ነጭ ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ ውሃውን አስቀድመው አፈሉ፤ ሲንተከተክም ከከረሙት መርጠው በጭልፋ አንድ በአንድ አወረዱ፤ በበሰሉም ጊዜ አውጥተው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከሯቸው፤ ከዚያም እያንዳንዱን በመዳፋቸው ሥር በጠረጴዛው ላይ እያንከባለሉ ልጣጩን ሰባበሩ፤ አየር ካለበት ከሰፊው ጫፍ ጀምረውም፣ ከልጣጩ ሥር ያለችውን ስስ ቆዳ ይዘው፣ እንቁላሉ ውሃው ውስጥ እንዳለ ገፈፉት። ሰሃኑም በማዕዱ ላይ ቀረበ፤ አሁን የተላጨ ጉንጭ እንኳ እንደዚያ አይለሰልስም።

አማትም እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ አዙረው ጭረት ፈለጉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ደግመው ፈለጉ፤ አጡ። ቃላቸውንም አላጠፉም፤ በልተው እንደጨረሱ ሻንጣቸውን ሊያዘጋጁ ተነሡ። ጀግናው ወንበራቸው ላይ ወጡ፤ ሬዲዮውንም ከፈቱ። ደስ አላቸው፤ እግራቸውን ዘርግተው በጣም ደስ አላቸው።

ነገር ግን በበሩ በኩል አማታቸውን አዩ። ያንኑ ሹራብ አጥፈው፣ ዘርግተው፣ መልሰው ያጥፉታል። የተወለወለውን ጠረጴዛ ይወለውላሉ። ልጃቸውንም በቀስታ፣ አንዳንድ ቀን ትደውይልኝ ይሆን ብለው ጠየቁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በማዶው ቤታቸው ከዶሮዎቹ በቀር የሚያነጋግሩት አልነበረም፤ ጀግናው ይህን ያውቁ ነበር፤ አስበውት ግን አያውቁም።

ተነሥተውም ወደ ማድ ቤት ገቡ። በዚያም ለአይጠግቤ የተቀመጠ አንድ ያልተላጠ እንቁላል ውሃው ውስጥ ነበር። ጀግናውም አንሥተው ላጡት፤ አውራ ጣታቸውም እስከ አስኳሉ ድረስ ገባ። ያን የቆሰለ እንቁላል በሰሃን አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሻንጣው ከበሩ ሳይወጣ በአማታቸው ፊት አቀረቡ። አማትም ሰሃኑን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት፤ ከዚያም የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙ! ይህም ከዚያው ድስት የወጣ ነው። አላልኩም? ይኼን ሰው አምኜ ልጄን ትቼ ልሄድ ነበር! ሻንጣውን ወደ ቦታው መልሱ!»

ይህን ብለው ፊታቸውን አዙረው ወደ ማድ ቤቱ ገቡ፤ ድስትም ማንኳኳት ጀመሩ። እመቤቲቱ ባላቸውን ትክ ብለው አዩ፤ በደህናው እጃቸውም የባላቸውን እጅ ያዙ። አይጠግቤም የቆሰለውን በላ።

ጸሐፊው ስለዚያ እንቁላል በጠየቀ ጊዜ፣ ጀግናው አዳለጠኝ ብለህ ጻፍ ብለው አዘዙ፤ እኛም እንደታዘዝነው ጻፍን። እንግዲህ ውዳሴ ይድረሳቸው ምላጫቸው ለማያደማ፣ መቀሳቸው ጆሮ ለማይነካ አባወራ፤ ይልቁንም ውዳሴ ይድረሰው ለአውራ ጣታቸው፤ ስንት ጉንጭና ስንት አገጭ ሳያስቀይም ኖሮ፣ በአንድ እንቁላል ላይ በሰዓቱ ላዳለጠው።