ጋሽ ተስፋሚካኤል እና የጃቫው ጩቤ

እያንዳንዱ ሰፈር አንድ የዕቃ ዳኛ አለው። ማንም አልሾመውም፣ ደመወዝ የለውም፣ ፍርዱም ይግባኝ የለውም። ደስ ብሏችሁ የገዛችሁትን ይዛችሁ ስታልፉ ከደጁ ይጠራችኋል፤ ያገላብጠዋል፣ በጥፍሩ ይቆረቁረዋል፣ ያሸተዋል። ከዚያ ዕቃችሁን ይመልስላችሁና ደስታችሁን ያስቀርባችኋል።

የእኛ ዳኛ ክቡር ጋሽ ተስፋሚካኤል ናቸው። እዚሁ አቃቂ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት መለዋወጫ ሲሞርዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። አሁን ደጃቸው ላይ ባለች የቆርቆሮ ቤት ቢላዋና መቀስ ይስላሉ። እሱ እንኳ ሰበብ ነው፤ ዋናው ሥራቸው የሰው ንብረት ስንት ዓመቱ እንደሆነና ከምን እንደተሠራ መናገር ነው።

"ቆይ! እንዳትነግረኝ!" ይላሉ፣ ዕቃው ገና ከፌስታል ሳይወጣ።

የሃሌሉያን የሠርግ ሐብል በሠርጉ ማግስት አይተው "ነሐስ ነው፤ ግን ጥሩ ነሐስ ነው" አሉ። ባሏ እስከ ዛሬ በዚያ በር አያልፍም። ጉዲሳ የአያቱን ጦር በኩራት ቢያመጣ "የላንድሮቨር ባሌስትራ ነው። አያትህ ላንድሮቨር ነበራቸው?" ብለው ጠየቁት። የእኔን "እውነተኛ ቆዳ" ጫማ ደግሞ አሸተቱና "ይኼ ከብት ሣር በልቶ አያውቅም" አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሰላም ላልላቸው ማልኩ። የቻልኩት እስከ ሐሙስ ነው።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት ፌኔት ከገላን ኮንዶሚኒየም ታክሲ ይዛ መጣች። እዚሁ ሰፈራችን ያደገች ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ጀቤሳ በወጣትነታቸው የመርከብ መካኒክ ነበሩ፤ ዓምና አረፉ። ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ላይ የአንድ ሽማግሌ ጀልባ ሞተር ጠግነው በዘር የመጣ፣ እጀታው የዝሆን ጥርስ የሆነ ጥንታዊ ጩቤ እንደተሸለሙ ሲያወሩ ኖረዋል። ሰፈሩ ግን አላመናቸውም። "ጃቫ" የሚል ቅጽል አወጣላቸውና ብቅ ባሉ ቁጥር "ጃቫ መጣ፣ መርከቡን አስጠጉ!" ይባል ነበር።

ፌኔት ፎጣውን ፈታችው። እንደ እባብ የተጠማዘዘ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጩቤ።

"አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ለቱሪስት የሚመረት ቆርቆሮ ነው አለኝ" አለች። "ጋሼ፣ ዋጋውን ተዉት። አባዬ ሲዋሸን ኖሮ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ።"

ጋሽ ተስፋሚካኤል ወዲያው አልፈረዱም። "ሦስት ቀን ስጪኝ" አሉ። እኔም ጉድ ነው አልኩ። ሦስቱን ቀን ስልኬን ተውሰው፣ በማይሰሙት ቋንቋ የሚያወሩ የጃቫ ሰዎችን ሲያዩ ዳታዬን ጨረሱት።

ቅዳሜ ጠዋት ተሰበሰብን። ቢላዋ ሊያስሉ የመጡት ጎረቤታቸው እትዬ ዳሲቱም ዘንቢላቸውን ይዘው ተቀመጡ።

"ነጋዴው ጋ ከመውሰድሽ በፊት ምን አደረግሽው?" ሲሉ ጋሽ ተስፋሚካኤል ፌኔትን ጠየቋት።

"ጠቋቁሮ ነበር፤ በሽቦና በኦሞ ፈተግሁት። ሰው ፊት እንዴት ቆሽሾ ይቀርባል?"

ጋሽ ተስፋሚካኤል ግንባራቸውን ያዙ። "ልደት ካርዱን ነው የፋቅሽው! እነዚህ ሰዎች ሁለት ዓይነት ብረት ደራርበው ይቀጠቅጣሉ። አንዱ ይጠቁራል፣ አንዱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የፋብሪካ ቆርቆሮ ይኼ የለውም። ሎሚ ያለው አለ?"

እትዬ ዳሲቱ ከዘንቢላቸው ሁለት አወጡ። ጋሽ ተስፋሚካኤል ስለቱ ላይ ጨመቁና ጠበቁ፤ ጠረጉና ደግመው ጨመቁ። ምንም የለም። ፌኔት ወደ መሬት አየች። ሦስተኛው ላይ ብረቱ መጥቆር ጀመረ፤ ከጥቁሩም መሃል እንደ እንጨት ጅማት የቀጠኑ ነጫጭ መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቅ አሉ።

"በአገሩ እንዲህ በሎሚ ይታጠባል" አሉ ጋሽ ተስፋሚካኤል በማጉያ መነጽራቸው እያዩ። "ጠርዙ በመታጠብ ብዛት ሳስቷል። በእኔ ግምት ከመቶ ሃምሳ ዓመት አያንስም። ያኔ ቱሪስት የሚባል አልተወለደም!"

እትዬ ዳሲቱ እልል አሉ። ፌኔት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እዚህ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት? ሰውዬው ግን እጀታውን ማገላበጥ ጀመሩ።

"ጋሼ፣ ይበቃል" አልኩ። ማን ሰምቶኝ!

"ይኼ የዝሆን ጥርስ አይደለም። የዝሆን ጥርስ የተጠላለፈ ስስ መስመር አለው። ይኼ ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ነው ያለው። የበሬ ቅልጥም ነው፤ ሥራውም የዚሁ የአቃቂ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው።"

በጉጠት ምላሳቸውን ብይዘው ደስ ባለኝ ነበር።

"ቅልጥም?" አለች ፌኔት ቀስ ብላ። ከዚያ ጮኸች። "የፋሲካው ቅርጫ!"

እየሳቀች ነገረችን። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ከቅርጫ ድርሻቸው ትልቁ ቅልጥም ከጓዳ ጠፋ። እናቷ የእትዬ ዳሲቱን ውሻ፣ ቦቢን፣ ከሰሱ፤ ሁለቱ ቤቶች እስከ መስቀል ተኳረፉ። አባቷ ያን ሰሞን "ሬዲዮ እየጠገንኩ ነው" ብለው ጓዳ እየገቡ በሩን ይዘጉ ነበር።

"ቦቢን!" አሉ እትዬ ዳሲቱ ብድግ ብለው። "ምስኪን ቦቢን! እናትሽ እኮ 'አጥንቴን አምጪ' ብላ ደጄ ላይ ቆማለች!" ከዚያ ራሳቸው ሳቅ አሸነፋቸውና ተመልሰው ተቀመጡ።

ፌኔት ጩቤውን ተቀብላ ሳመችው፤ ስለቱን ሳይሆን እጀታውን።

ጋሽ ተስፋሚካኤል አጥንቱና ብረቱ የተጋጠሙበትን ቦታ በጥፍራቸው ፈለጉት፤ ጥፍር አያስገባም። ባርኔጣቸውን አወለቁ። "በእጅ ሞረድ ነው የሠራው። እኔ አልችለውም ነበር" አሉ። "ጃቫ እያልኩ ስስቅበት ኖርኩ። ይቅር በይኝ ልጄ።"

"እሱም እኮ እርስዎን ይፈራ ነበር ጋሼ" አለች ፌኔት። "'ለማንም አሳዩ፤ ለተስፋሚካኤል ብቻ እንዳታሳዩ፣ እሱ ያውቅብኛል' ይለን ነበር።"

ጋሽ ተስፋሚካኤል መነጽራቸውን አነሱና ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሎሚው ዓይኔ ገባ አሉ። እኚህ ሰው ሲናገሩ የሰማሁት የመጀመሪያው ሐሰት ይኼ ነው። እኔ ደግሞ በጣም ስለምወዳቸው ውኃ ላመጣላቸው ተነሳሁ።