ለዘበኞቹ ምሳ የሚሠራው ማነው?

በየቤተሰቡ ውስጥ ፊልም በሰላም ታይቶ እንዳያልቅ የተፈጠረ አንድ ሰው አለ። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ቴሌቪዥን የላችሁም፣ ወይ ሰውዬው እናንተው ናችሁ። የኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። ልጄ «ክቡር መርማሪ» ብላ ሾመችው፤ እሱም ሹመቱን ሳያቅማማ ተቀበለ።

ክቡር መርማሪ ሴራ የሌለበት ፊልም አይጥመውም። መንግሥት ሊገለብጡ፣ ባንክ ሊያራቁቱ፣ የከተማ ውኃ ሊመርዙ የተማማሉ ሰዎች ካሉበት ግን ከሶፋው ጫፍ የሚያነሣው የለም። መነጽሩን በሸሚዙ ይወለውላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ ክፉው ሰውዬ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ገና አፉን ሳይከፍት፣ የወንድሜ እጅ ሽቅብ ይነሣል።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!»

አለቀልን።

«ይሄ ሰውዬ ተራራ ሥር ከተማ የሚያህል መደበቂያ ሠርቷል። እሺ፣ ይሥራ። የቆፈረውን አፈር የት ደፋው? ያን ሁሉ መኪና ሲመላለስ ጎረቤት አላየም? ደግሞ እዩልኝ እነዚህን ዘበኞች! ለነሱ ምሳ የሚሠራው ማነው? ሽንኩርቱን ማን ያመጣል? ወጥ ሠሪዋ አሟት ብትቀርስ?»

«አጎቴ፣ ፊልም እኮ ነው!» ትላለች ልጄ።

«ፊልም ከሆነ ሰው አይበላም?»

ከድሮም እንዲህ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለ እናታችን፣ ቀበሮ እንግዳ መስላ ዶሮዎቹ ቤት ስለገባችበት ተረት ስትነግረን፣ «መዝጊያውን በምን ከፈተችው? እጅ የላት!» ይል ነበር። እናታችን ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ትወረውርበታለች። አሁን ሳስበው፣ እሷም ትወደው ነበር፤ ጫማው አንድም ቀን አግኝቶት አያውቅም።

ሥራውም አባሰበት። ዕድሜውን የፈጀው አውቶቡስ ማደሪያ ውስጥ፣ ስምሪት ክፍል ነው። ሾፌሩ መጣ ሲባል ትኬት ቆራጯ የለችም፤ ሁለቱ ተገናኙ ሲባል ጎማው ተንፍሷል። «እኔ አንዲት አውቶቡስ በሰዓቷ ማስወጣት አቅቶኝ ጡረታ ወጣሁ፤ እነዚህ በአንድ ፊሽካ ዓለምን ሊገለብጡ?» ይላል። ሕግም አለው፤ ከሦስት ሰው በላይ ያወቀው ሴራ፣ ሴራ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው።

አንድ ቀን ሲኒማ ቤት ይዞን ገባ። ክፉው ሰውዬ አክተሩን ወንበር ላይ አስሮ ዕቅዱን ከሀ እስከ ፐ ሲዘረዝርለት፣ ክቡር መርማሪ በቁሙ ተነሣ። «አንተ ጅል! ወሬውን ተውና ጨርሰው!» ከኋላችን የተቀመጠ ጎልማሳ፣ «አባቴ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ፤ ምክርዎን ሰምቶ አክተሩን ይገድልብናል» አለው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሱ ግን «እውነቱን ነው» ብሎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስንኖር ዓይኔ ደከመ። ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይገፈፋል አሉኝ። እኔ ደግሞ ስለት ዓይኔ አጠገብ አይደርስም ብዬ ድርቅ አልኩ። ልጄ ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፣ ሲያቅታት አኮረፈችኝ። ወንድሜ ብቻ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ፊልም ስናይ ግን ወሬው በረከተ። «አሁን በሩን ከፈተ፣ እትዬ። ካፖርት ለብሷል፣ በዚህ ሙቀት! ቆይ፣ ቆይ…» ሌላው ሰው ይማረራል። እኔ ፊልሙን የማየው በሱ አፍ ነበር። እየቆየ ግን የሱም ፊት ደመና ሆነብኝ።

አንድ ማለዳ ከረባት አስሮ መጣ።

«እትዬ፣ ተነሺ። አዲስ ሲኒማ ቤት ተከፍቷል፤ ለአዛውንት በነፃ ነው።»

«በጠዋቱ?»

«ልዩ ዝግጅት ነው።»

ልጄ ከሥራዋ ቀርታ በር ላይ ቆማለች፤ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማኛል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብላ «በሰላም ያውጣሽ፣ እናቴ!» አለች። ለሲኒማ? አልኩ በሆዴ። የታክሲው ሾፌር ደግሞ ገና መሪውን ሳይዝ፣ «አይዞዎት፣ የኔም እናት ዓይኗን ተሠርታ አሁን መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች» አለኝ። ወንድሜ ሳል ያዘው፣ ያውም ከባድ ሳል።

ዕድሜ ልኩን የሰው ሴራ ሲበጣጥስ የኖረ ሰው፣ የራሱን ሴራ ለሰፈር አውጆ ወጣ! ቀዳዳው ብዛቱ፣ ወንፊት በሉት። «ቆይ፣ ቆይ» ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የታክሲውን በር ሦስቴ ከፍቶ ሦስቴ ዘጋው። ከኔ ይልቅ የፈራው እሱ ነው። ዋጥኩት።

ስንደርስ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል።

«ምነው የሲኒማ ቤቱ ሽታ?»

«አዲስ ቀለም ነው።»

ወዲያው አንዲት ልጅ መጥታ፣ «ለዓይን ኦፕሬሽን የመጡት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ወንድሜ አቀረቀረ።

«ዋሽቼሻለሁ፣ እትዬ። ካልፈለግሽ አሁኑኑ እንመለሳለን።»

«ይሄን ሁሉ ሰው አሰማርተህማ አውቶቡሱን ባዶ አትመልስም» አልኩትና፣ ወደ ልጅቷ ዞሬ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። የወንድሜን ክንድ ይዤ ገባሁ።

ዓይንሽ ደኅና ሆነልሽ በተባልኩ ሰሞን ሳሎን ተሰበሰብን። ክፉው ሰውዬ ካርታውን ዘረጋ። እጅ የለ፣ «ቆይ» የለ። ዞር ብዬ ወንድሜን አየሁት። ሸብቷል። መቼ ነው እንዲህ የሸበተው? ፊልሙን ትቶ እኔን ያያል። ታየሽ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ፈርቷል፤ አልታየኝም ብለውስ?

ወደ ፊልሙ ተመለስኩ፣ አተኮርኩ፣ እጄን አነሣሁ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! ይሄ ሰውዬ ዋሻ ለዋሻ ሲሳብ ውሎ ጫማው ያበራል። እዚያ ውስጥ ማን ጠረገለት?»

ወንድሜ ከሶፋው ዘሎ ተነሣ።

«እትዬ! ጫማው ታየሽ?»

«ማሰሪያው ሳይቀር። ተፈትቷል፣ ሲሮጥ ይጥለዋል።»

ልጄ ፊቷን በትራስ ሸፈነች። «ጉዳችን ፈላ፣» አለች ከትራሱ ሥር፣ «ሁለት ሆኑ!»