እትዬ ይደገም እና የሐሞት ከረጢቱ ጂን

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «አላመንኩም» ባይ አይጠፋም። በር ቆልፎ ይወጣና ደረጃው ጋ ሲደርስ ተመልሶ ይገፋዋል። ፀሐይዋን እያየ «እውነት ነግቷል?» ይላል። የዚህ ዘር እመቤት ግን ያለ ጥርጥር የካንሰር ምርምር ላቦራቶሪው ኃላፊ ናቸው፤ ፊት ለፊት «ዶክተር»፣ ዞር ሲሉ «እትዬ ይደገም» የሚባሉት።

ስሙን ያወጣላቸው ቴክኒሻናቸው ነው። ምን ያድርግ? እሳቸው ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ጂን ነው። ጂኑ የሚያሠራው ፕሮቲን በሴሉ ገላ ላይ ይቀመጥና ከውጭ የመጣውን «እደግ፣ ተባዛ» የሚል መልእክት ወደ ውስጥ ያቀብላል። በሐሞት ከረጢት ካንሰር ሴሎች ላይ ደግሞ ከልክ በላይ በዝቶ አገኙት። ካንሰሩን የሚያሳድገው እሱ ነው፣ ወይስ እንዲያው አብሮ የተገኘ መንገደኛ? እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ነው።

«ያለ ማስረጃ ጂን አልወነጅልም!» ይላሉ፣ ጂኑ ጠበቃ የቀጠረ ይመስል።

ስለዚህ የካንሰር ሴሎቹን በላቦራቶሪ ሳህኖች ያሳድጉና፣ በአንዱ ሳህን ጂኑን ሥራ አስፈትተው ዝም ያሰኙታል፣ በሌላው እንዳለ ይተዉታል፤ ቴክኒሻኑ ሴሎቹን ይቆጥራል። የቱ የቱ እንደሆነ እንዳያውቅ ምልክቱን በፕላስተር ሸፍነው ነው የሚሰጡት። ፕላስተሩ ሲላጥ፣ ጂኑ ዝም ባለበት ሳህን ሴሎቹ ጥቂት ሆነው ተገኙ። ቴክኒሻኑ እልል ሊል ምንም አልቀረው።

«ዶክተር፣ አገኘነው እኮ!»

«ጎሽ» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ይደገም።»

ተደገመ፤ ያው ሆነ።

«ምናልባት ክፍሉ ቀዝቅዞ ይሆናል። ይደገም።»

ከሌላ በሽተኛ በተወሰደ ሴልም ተሠራ፤ ያው ሆነ።

«ምናልባት ልታስደስተኝ ብለህ ይሆናል። ሌላ ሰው ይቁጠርና ይደገም።»

ኧረ በሕግ አምላክ! ባለቤታቸው «አግቢኝ» ያሏቸው ጊዜ እንኳ «ይደገም» ብለዋል የሚል ሐሜት አለ። ቴክኒሻኑ አንድ ቀን ደፍሮ ባለቤታቸውን ቢጠይቃቸው፣ ሳቅ ብለው ወሬ ቀየሩ።

እንዲህ እየተሳቀ ሳለ የቴክኒሻኑ እናት የሐሞት ጠጠር ተገኘባቸው። ይህስ ባልከፋ፤ የከረጢቱ ግድግዳ ወፍሮ ሐኪሙን አጠራጠረው። ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ወጣና ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ዘገየ። የልጁ ሐሞት ፍስስ አለ። እናቱ ሆድ ውስጥ ይኖራል ብሎ የፈራውን ነገር ቀን ሙሉ በማይክሮስኮፕ እያየ እንዴት ይቁጠር? ቁጥሩ ጠፋበት።

«ተሳስተሃል» አሉ እትዬ ይደገም። «ይደገም።»

«ይቺ ሴትዮ አንጀት የላትም!» አለ በሆዱ። የዚያን ቀን ከልቡ ጠላቸው።

በማግስቱ የእናቱ ሐኪም ደወለ። «እንኳን ደስ አለህ፣ ካንሰር አይደለም። ጠጠሩ አቁስሎት ነው ግድግዳው የወፈረው።»

ስልኩን ዘግቶ ቆመ። ደስ ሊለው ሲገባ አንድ ነገር ውስጡን በላው። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች እንዲሉ፣ እሱም አላምን ብሏል። እያፈረ ወደ እትዬ ይደገም ጠረጴዛ ሄደ።

«ዶክተር፣ እማዬ ነጻ ናት አሉኝ። ግን… ምናልባት ቢሳሳቱስ? ቢደገም አይሻልም?»

ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ አላነሱም።

«ተደግሟል።»

«ምን አሉኝ?»

«እናትህን አስፈቅጄ ናሙናውን ለሌላ ሐኪም አሳየሁት፤ ደህና ነው አለ። እሱንም አላመንኩትም፣ ለሌላ ወሰድኩት፤ ያንኑ አለ። የዘገየብህ በእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ።» አሁን ቀና አሉ። «ከዚህ በላይ አይደገምም። በል ሂድና እናትህን ሳምልኝ።»

ቴክኒሻኑ እዚያው ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዕንባውን በጋዋኑ እጅጌ እየጠረገ በሩ ጋ ሲደርስ ከኋላው ጠሩት።

«ስማ! መሳሙም ይደገም።»