ስትረስ የሰበረው እግር

ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ማንም ሳያባርረው የሚሮጥ ሰው ወይ አእምሮውን ስቷል፣ ወይ ሴት ልጁን ሊድር ነው። እኔ ሁለተኛው ነኝ። (ባለቤቴ «ሁለቱንም ነህ» ትላለች፤ አትስሟት።)

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ልጄን የስማዳ ሰዎች ጠየቁኝ፤ እሺ አልኩ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። በማግስቱ ሱሪዬን ስለብስ ቁልፉ አልደርስ አለኝ... በዚህ ቦርጭ ነው ዳስ ውስጥ የምጨፍረው? አልኩና የንፋስ መውጫን አስፋልት በሸራ ጫማ እወቅጠው ጀመር። ባለባጃጆቹ እያዘኑ «መምህር፣ ላድርስዎት?» ይሉኛል። ወር ሙሉ ሮጬ ሮጬ አንድ ቀን ቁርጭምጭሚቴ በቃኝ አለ። አልወደቅሁም፣ አልተጠለፍኩም፤ ዝም ብሎ አበጠ!

ሰፈሩ «ወጌሻ ይምጣ!» ሲል ልጄ ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ «ስትረስ ፍራክቸር ነው» አለ። አጥንት ሳያርፍ ደጋግሞ ሲመታ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል ማለቱ ነው። ባለቤቴ ጥሩዬ ግን ከወጣቶቹ አፍ የሰማችው ስትረስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጭንቀት። ለመጣ ጠያቂ ሁሉ «ምን ይሆናል... አጥንቱ በጭንቀት ተሰነጠቀ!» ስትል ሰነበተች። እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ «ልጁን ሊድር ያለ ሰው ምን አስጨነቀው?» አትሉም? ሁሉም ብሏል።

ስድስት ሳምንት በክራንች ከተንፏቀቅሁ በኋላ ለፊዚዮቴራፒስቷ ለሕይወት ተላለፍኩ። ስሟ ነው እንጂ ሕይወት፣ አያያዟስ...

«ጋሼ፣ በእግርዎ አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል ይጻፉ፤ ቁርጭምጭሚትዎ ይፍታታል» አለችኝ።

ይህን ዘዴ ያወጣው ፈረንጅ ሃያ ስድስት ፊደል ጽፎ ይገላገላል። እኔ የአማርኛ መምህሩ ከሀ ጀምሬ እያንዳንዱን ሰባት ሰባት ጊዜ! «ጨ» ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። ቆይታ ደግሞ ዋናውን አዘዘች፦ በተጎዳው እግር ብቻ መቆም፣ ሲለመድ ዓይን ጨፍኖ መቆም። «ይህን ሳይችሉ ሠርጉ ላይ ጭፈራ የለም» አለች።

አሁን ልብ በሉልኝ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ጾመ ነቢያት። እኔ ማለዳ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ፀሐይ እንድትሞቀኝ ወደ ምሥራቅ ዞሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በአንድ እግሬ ቆሜአለሁ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እቆጥራለሁ። በእኛ አገር በአንድ እግር መቆም የማን እንደሆነ አላስረዳችሁም፤ የጻድቁ ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ አለ። ጎረቤቴ እማሆይ ወለተ ማርያም በአጥር ቀዳዳ አዩኝ። በሦስተኛው ቀን «መምህሩ የልጁ ጋብቻ እንዲፈርስለት ሱባዔ ገብቷል» የሚለው ወሬ አርብ ገበያን አልፎ የሙሽራው አገር፣ የስማዳዋ ወገዳ ገባ። የወገዳ መንገድ መኪና ይሰብራል፤ ወሬን ግን አይነካውም።

አንድ ጠዋት «ሃያ ስምንት... ሃያ ዘጠኝ...» ስል ከኋላዬ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። ዓይኔን ብገልጥ የሙሽራው ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከፊት የሙሽራው አጎት መሪጌታ ይኄይስ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል።

«ጸሎትዎን ይፈጽሙ፤ አናቋርጥዎትም» አሉ።

«ኧረ ጨርሻለሁ! ግቡ እንጂ!»

«አንገባም። መምህር፣ ምን በደልንዎ? ልጃችን ካልተወደደ በአፍ ይነገረናል እንጂ ወደ ላይ ይከሰሳል?»

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ያኔ ደነገጥኩ፤ በእኔ ቁርጭምጭሚት የልጄ ሠርግ ሊፈርስ ነው!

«ሕክምና ነው መሪጌታ! ሚዛን መጠበቂያ ነው!»

«ማንን ነው የሚመዝኑት?»

«እግሬን! ስንጥቅ አለበት...»

«ጭንቀት ነው የሰነጠቀው ብለው ባለቤትዎ ተናግረዋል።»

ጥሩዬን አየኋት። ሰማይ ሰማይ ታያለች። መሪጌታ እግሬን በመቋሚያቸው እያመለከቱ፣

«እንግዲያስ በዚያችው እግርዎ ቆመው ይንገሩን። ሐሰት ካለበት አይጸናም» አሉ።

ቆምኩ።

«በልጃችን ቅሬታ አለዎት?»

«የለኝም። ጨዋ ልጅ ነው፤ እወደዋለሁ።»

እግሬ ንቅንቅ አላለም።

«ልጅዎ ስትሄድብዎስ አይጨንቅዎትም?»

«ምንም! እኔ እኮ ወንድ...»

ዘጭ! መሪጌታ ላይ ተደፋሁ፤ ከነመቋሚያቸው ተያይዘን አጥሩ ሥር ወደቅን።

«ይኸው!» አለች ጥሩዬ። «ስትረስ ነው አላልኩም?»

እውነቷን ነው። የምሮጠው ሱሪ ጠቦኝ ብቻ አልነበረም። እሺ ካልኩበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ጠዋት ልጄ ስታንጎራጉር እየሰማሁ ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ይህንኑ ተናገርኩ፤ አለቀስኩም። መሪጌታ አቧራዬን እያራገፉ «ይህማ የአባት ነው። እኔም ሦስት ድሬያለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ አልቅሻለሁ» አሉ። ከዚያ ልጄን መረቋትና ገቡ።

ጥር ላይ ጨፈርኩ። ሕይወት ከዳሱ ጥግ «ጋሼ፣ ቀስ!» እያለች ትጮህ ነበር። እግሬ ድኗል። ያም ሆኖ ዛሬም ጠዋት ጠዋት በአንድ እግሬ እቆማለሁ፤ ፊቴን ብቻ ወደ ስማዳ አዙሬአለሁ። ትናንት እማሆይ በአጥሩ ቀዳዳ፣

«አሁን ደሞ ምን ልታፈርስ ነው?» አሉኝ።

«ላፈርስ አይደለም እማሆይ። የወገዳ መንገድ ተሠርቶ ልጄ ቶሎ ቶሎ እንድትመጣልኝ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ አጥሩ ተንኮሻኮሸ። ብቅ ብዬ ሳይ እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው አጥሩን ይዘው፣ አንድ እግራቸውን አንስተዋል።

«ለመንገድማ» አሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «አንድ ሰው አይበቃም።»